«ሾርባው ጨው አለው?»፦ «እንዴት ነህ ማለት አቁሙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው ተላከልኝ። መጀመሪያ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ መጣ። ቀጥሎ የሥራ ባልደረባዬ ላከው። ከዚያ ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ። አራተኛዋ ባለቤቴ ናት። እሷ አንድም ቃል ሳትጨምር ሊንክ ብቻ ስትልክ ነገር እንዳለው ስለማውቅ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ጽሑፉ «እንዴት ነህ ማለት አቁሙ» ይላል። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። የተነሱበትም ነገር እውነት ነው። አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን፣ አንድ ቢሮ እየዋልን፣ እርስ በርስ እንግዳ እየሆንን ነው። መድኃኒቱ «ጥልቅ ጥያቄ» ነው ይላሉ። ሐሳባቸውን ሳላጣምም ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ የሰላምታ ጥያቄዎቻችን ባዶ ናቸው፤ መልሳቸው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ባይጠየቁ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን በፍቅር የሚጥሉ 36 ጥያቄዎች እንዳሉ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ከተራ ወሬ ዘለን ወደ ትልቁ ጥያቄ መግባት ነው። ሦስተኛ፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለስ ጥያቄ ወሬ ይገድላል፤ ሁሌም «ለምን?» በሉ። አራተኛ፣ አሥር ጥያቄ ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ። አምስተኛ፣ ባህላችን ጠያቂን ስለሚያፍን መነጋገር አልተማርንም። ስድስተኛ፣ ጥልቅ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚሸሽ ሰው ራሱን የዘጋ ነው፤ እስኪከፈት ጎትጉቱት።

ስድስቱንም እመልሳለሁ። እኩል ግን አልደክምባቸውም። አንዳንዱን ሁለት ሦስት መስመር ይበቃዋል።

ከሰላምታው ልጀምር። ሊፍት ውስጥ «ሰላም ነው?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚወርድ ሰው አለ። አንዳንድ ቀን እኔም እሱን ነኝ። ይህን ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። ግን የአማርኛ ሰላምታ መቼ በአንድ ጥያቄ አልቆ ያውቃል? ከቤቴ በታች ካለው ጉልት አጠገብ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ አድምጡ። «እንዴት አደርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው።» «እናትሽስ፣ እግራቸው ተሻላቸው?» እዚህ ላይ ሴትዮዋ የያዘችውን ዘምቢል መሬት ታስቀምጣለች። ዘምቢል መሬት ከነካ ወሬው ተጀመረ ማለት ነው። ያ የእናትየውን እግር ያነሳው ጥያቄ ከሰማይ ዱብ አላለም። በሁለቱ «ባዶ» ጥያቄዎች ላይ ተረማምዶ ነው የመጣው።

መልሱ ይታወቃል የሚሉትም አይዋጥልኝም። «ደህና ነኝ» አለ። «አለሁ» አለ። «አለን እንግዲህ» አለ። «ተመስገን ነው» አለ። «ምን እላለሁ» አለ። አማርኛ የሚሰማ ሰው እነዚህን አምስቱን አንድ አድርጎ አያያቸውም። «አለን እንግዲህ» ያለ ሰው ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ። «እንግዲህ»ን ሲጎትታት ደግሞ ነገሩ ትንሽ አይደለም። «አለሁ» ያለችህን ሴት «ደህና ነኝ» እንዳለችህ ቆጥረህ ካለፍካት ሰላምታው ምን ያድርግ? በሩን ከፍታልህ ነበር። አንተ ነህ ዝም ብለህ ያለፍከው። እዚያ ላይ የምታስፈልገው አንዲት ቃል ናት፤ «ምነው?»

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ማሊኖቭስኪ የሚባል ፖላንድ የተወለደ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ንግግር አንስቶታል። ስለ ጤና፣ ስለ አየሩ የሚጠየቀው ጥያቄ ወሬ ለማቀበል እንዳልሆነ፣ ሰውን ከሰው ለማስተሳሰር እንደሆነ ጻፈ። ዝም ብሎ የቆመ እንግዳ ሰው ያስፈራል፤ ቃል ሲወጣው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ጸሐፊው ሰላምታውን አውጥተው ሲጥሉት ገመዱን አብረው እየጣሉት ነው።

አሁን ወደ 36ቱ ጥያቄዎች። ይህቺን ክፍል በደንብ ነው የማያት፤ ምክንያቱም ቤቴ ድረስ መጥታለች።

ታናሽ ወንድሜ ጽሑፉን ባነበበ ማግስት እሁድ ቡና ላይ ተገናኘን። እናቴ አቦሉን ቀድታ ገና ሲኒዋን አላነሳችም። ወንድሜ ስልኩን አየት አደረገና «እማዬ፣ ዛሬ ማታ የምትሞቺ ቢሆን ለሰው ሳትነግሪ የቀረሽና የሚቆጭሽ ነገር ምንድነው?» አላት። እናቴ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ሐኪሙ ምን አላችሁ?» አለች። ያን ሰሞን ለደም ግፊቷ ምርመራ አድርጋ ነበር። እኛ ምንም አላለንም ብንል ማን ሊያምነን። ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት ደውላ «እውነቱን ንገሩኝ፣ እኔ አልደነግጥም» አለችኝ። ጥልቅ ውይይት ከተባለ እንግዲህ ይኸው።

የወንድሜ ጥያቄ የራሱ ፈጠራ አልነበረም። ከ36ቱ 33ኛዋ ናት። ጥያቄዎቹን አርተር አሮን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ላይ ነው የምናገኛቸው። ጥናቱ የማይተዋወቁ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለ45 ደቂቃ ያህል ያነጋግራቸዋል። ጥያቄዎቹ በሦስት ዙር ተከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ዙር አሥራ ሁለት አለው። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ከዓለም ሰው ሁሉ መርጠህ እራት ብትጋብዝ ማንን ትጋብዛለህ የምትል ናት። ጨዋታ ናት። ሞት የሚነካ ጥያቄ በመጀመሪያው ዙርም አለ፤ ይህን አልደብቅም። ግን «ሳትነግር የቀረህ ቁጭት» 33ኛ ላይ የተቀመጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፊቷ 32 ደረጃ አለ።

እኛም ለዚህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለን። ሦስት ዙር። ከአሮን ሦስት ዙር ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ ይላል። በአቦል ማን አገባ፣ ማን ቤት ቀየረ ይወራል። ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጀበናው ሁለተኛ ውሃ ከተጨመረበት በኋላ ነው። ወንድሜ የበረካውን በአቦል ጠየቀ።

ጸሐፊው የዘለሉት ሌላም ነገር አለ። በጥናቱ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለቱም ሰዎች ይመልሳሉ። አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው ተጠያቂ ሆኖ አይቀመጥም። ወንድሜ የራሱን ቁጭት አልተናገረም፤ የእናቱን ብቻ ፈለገ። በአማርኛ «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ጥፋተኛ ለሚባል ሰውም ማገልገሉ ያለ ነገር አይመስለኝም። አንድ ወገን ብቻ ሲጠይቅ ነገሩ ጣቢያ ይመስላል።

ፍቅር ስለሚለው ደግሞ፦ ጥናቱ የፍቅር ማሽን ሊሠራ አልተነሳም። ተመራማሪዎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ መቀራረብን መፍጠር የሚቻልበት መንገድ ነበር የፈለጉት። በዚያ ሰዓት የተፈጠረው ቅርበት ታማኝነትን፣ መደጋገፍን፣ ቃል ኪዳንን ያመጣል ብለው እንደማያስቡ ራሳቸው ጽፈዋል። እነዚህ ጊዜ ይፈልጋሉ። «ፍቅር የሚያስይዙት ጥያቄዎች» የሚለው ዝና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ በወጣ የአንዲት ሴት የግል ታሪክ ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልመልስላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ከበድ ያለ ወሬ ቢያወሩ በጣም እንደሚጨንቃቸው አስቀድመው ይገምታሉ። ሲያወሩ ግን እንደፈሩት አልሆነም። ስለዚህ «ከምታስቡት በላይ መድፈር ትችላላችሁ» የሚለው የጸሐፊው ምክር መሠረት አለው። ጸቤ ከድፍረቱ ጋር አይደለም። ጸቤ ሰላምታውን አውልቆ በባዶ እግር ከመግባቱ ጋር ነው።

ሦስተኛው፣ «በአዎ ወይም በአይ የሚመለስ ጥያቄ ወሬ ይገድላል» የሚለው። መጀመሪያ ራሳቸው የጠሩትን ምስክር እንጥራ። ከ36ቱ ሁለተኛዋ፣ ታዋቂ መሆን ትፈልጋለህ ወይ ትላለች። ሦስተኛዋ፣ ስልክ ከመደወልህ በፊት የምትናገረውን ትለማመዳለህ ወይ ትላለች። ሁለቱም በ«አዎ» ወይም በ«አይ» ይመለሳሉ። ሁለቱም ግን ብቻቸውን አይደሉም፤ «በምን?»፣ «ለምን?» የሚል ጭራ አላቸው። ወሬውን የሚያስኬደው ጭራው ነው።

ከጥናቱ በላይ ያሳመነኝ ግን አባቴ ነው።

ያኔ ይህ ጽሑፍ ገና አልወጣም፤ እኔ ግን እንደ ጸሐፊው ነበር የማስበው። ባለፈው ክረምት አባቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛ። እኔ አስታማሚ ነኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ጊዜው አሁን ነው ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ከሕይወትህ የተማርከው ትልቁ ነገር ምንድነው?» አልኩት። ግሉኮሱን ለጥቂት ጊዜ አየው። «ሰው መሆን ነው» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። አለቀ። ሰላሳ ስምንት ዓመት ያሳደገኝ ሰው ሦስት ቃል ሰጠኝ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ መጣ። የአባቴ እኩያ ነው። ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

«እህል ቀመስክ?»

«ሾርባ ሰጥተውኛል።»

«ሾርባው ጨው አለው?»

«የለውም።»

«ስንት ዘመን ጨው የጫንክ ሰውዬ፣ ያለ ጨው ሾርባ ያጠጡህ?»

አባቴ ስፌቱን በእጁ ደግፎ ሳቀ። ሳይደግፍ መሳቅ አይችልም ነበር። ከዚያ ጀመረ። የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። የማውቀው ግን እንደ መታወቂያ ካርድ ነው፤ «ሥራ፦ ሾፌር»። በዚያ ከሰዓት የሰማሁት ሌላ ነው። ኤንትሬውን ተሳቢ አስከትሎ ከአሰብ ጨው ጭኖ ሲመለስ፣ ከቡሬ እስከ ሰርዶ ያለው ሙቀት ጎማ ያፈነዳ ስለነበር ቀን ጥላ ሥር ተኝተው ሌሊት ይነዱ ነበር። ልብስ ሰፊው «እህ» ይላል። «ሌሊት እንቅልፍ አይጥልህም?» ይላል። አባቴ ቀጠለ። ረዳቱ እንዳይተኛበት ይዘፍንለት ነበር። ሎግያ ላይ ሻይ ጠጥተው፣ ሚሌ ላይ ፊታቸውን ታጥበው፣ ረዳቱ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍናል። ልብስ ሰፊው ያቺን አየር ወደ ውስጥ ስበን የምንላትን «ኧ» ብቻ ነበር የሚላት። አንዴ ግን ጠየቀ፤ «ልጁስ፣ የት ደረሰ?»

አባቴ ዝም አለ። ቆይቶ «አንድ ቀን ቡሬን እንዳለፍን…» ሲል ነርሷ ገባች። የጥየቃ ሰዓት አልቋል።

ጨው አለው ወይስ የለውም? ከዚህ የተዘጋ ጥያቄ የለም። ከዚህ ያነሰም ጥያቄ የለም። የእኔ ጥያቄ ትልቅ ነበር፤ እንደ ስብሰባ አዳራሽ ትልቅና ባዶ። የልብስ ሰፊው ግን እጀታ ነበረው። አባቴ ይዞ ከፈተው። ደግሞ ልብስ ሰፊው አንድ ጥያቄ ጠይቆ ውጤት አልጠበቀም። አባቴ በሰጠው መልስ ላይ ነበር የሚቀጥለውን የሚሰፋው። እንቅልፉን ያነሳው አባቴ «ሌሊት» ስላለ ነው። ልጁን ያነሳው «ረዳቴ» ስላለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሌላ መንገድ አገኙት። በወሬ መሃል ብዙ የሚጠይቅ ሰው በአነጋጋሪው የበለጠ ይወደዳል። ከጥያቄ ዓይነቶች ሁሉ በይበልጥ የሠራው ደግሞ የተሰጠውን መልስ ተከትሎ የሚመጣው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እሱን ለመጠየቅ መስማት ግድ ይላል። አስቀድሞ ሊጻፍ አይችልም።

«ሁሌም ለምን በሉ» ስለሚለው አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ይህ ምክር በሌላ ቋንቋ ታስቦ አማርኛ የለበሰ ይመስለኛል። ቤቴ የመጣን እንግዳ «ለምን መጣህ?» ብለው ኮቱን አንስቶ ይሄዳል። «ምን እግር ጣለህ?» ስለው ይቀመጣል። የምጠይቀው ያው አንድ ነገር ነው። «ለምን ቀረህ?» የአለቃ ነው። «ምነው ቀረህ?» የወዳጅ ነው። «ለምን ተፋታችሁ?» ማንም የማይመልሰው ነው። «ያኔ እንዴት ሆናችሁ?» ብትል ምናልባት ትሰማለህ። «ለምን» በአማርኛ አፍ ላይ ሲወጣ ጣት ይቀስራል። ልጅ ለአባቱ «አንተ ለምን…» ብሎ ሲጀምር ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ክፍት ጥያቄ ጥሩ ነው፤ እስማማለሁ። ክፍት የሚሆነው ግን በየቋንቋው በር በኩል ነው። የእኛ በር «ምነው»፣ «እንዴት»፣ «ከዚያስ» እና «እስቲ» ናቸው። «እስቲ»ን አደራ አትርሱ፤ «እስቲ ንገረኝ» ማለት ግማሹ ልመና ነው።

አሥር ጥያቄ ስልክ ላይ ጽፎ ስለመያዝ ብዙ አልልም። ጨዋታ ጨዋታን ያነሳዋል እንጂ ዝርዝር ጨዋታን አያነሳም። አማርኛ ወሬን «ጨዋታ» ማለቱ፣ ባለቤት እንግዳውን «ተጫወት እንጂ» ማለቱ ራሱ በቂ መልስ ነው። ግን አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የአያቶቻችሁን ታሪክ ለመቅረጽ ከተቀመጣችሁ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። አሜሪካ ውስጥ ስቶሪኮርፕስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ክፍል ከፍቶ፣ ሰዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ለ40 ደቂቃ እንዲጠያየቁ ማድረግ ጀመረ። የጥያቄ ዝርዝርም ያዘጋጃል። እዚያ የሚገባ ሰው ለመቀረጽ ብሎ ነው የመጣው፤ ያውቃል። እናቴ ግን ቡና ልትጠጣ ነበር የተቀመጠችው።

«ባህላችን ጠያቂን ያፍናል» የሚለው አምስተኛው፣ ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ «እሱ ደግሞ ምንድነው?» ብዬ ስገባ «ወጣ በል፣ ተጫወት ውጭ» ነበር መልሱ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ተብሎ ስንት ጥያቄ ሆድ ውስጥ ቀርቷል። ትምህርት ቤትም ያው ነበር፤ እጅ ያወጣ ልጅ «አንተ ደግሞ» ይባላል። ይህን መካድ አልችልም።

ግን ያቺው አያቴ፣ ቀን ዝም በል ያለችኝ፣ ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ?» ትለኝ ነበር። «ምን አውቅልህ» እላለሁ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ካላወቅኩ «አገር ስጠኝ» ትላለች። ጎንደርን እሰጣታለሁ። ጎንደር ገብታ የበላችውን የጠጣችውን አውርታ፣ እኔን ሰድባ፣ መጨረሻ ላይ «ወንዝ ነዋ!» ትላለች። ጠያቂ ያልነበረ ሕዝብ ለማያውቅ ሰው አገር የሚያስከፍል ጨዋታ አይፈጥርም። በድሮው ችሎት ደግሞ ባላጋራን በ«በላ ልበልሃ» እያፋጠጡ፣ «ተጠየቅ» እያሉ መሟገት ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማ ነበር።

ደግሞስ የምንኖርበትን ከተማ እንርሳ? ከመገናኛ ፒያሳ በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስሜን፣ ሥራዬን፣ ማግባቴን፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ «አንድ ብቻ?» ብለው ሁለተኛው ለምን እንደዘገየ ጠይቀውኛል። አራት ኪሎ ሳንደርስ የቤት ኪራዬን ያውቃሉ። ወራጅ ብለው ሲወርዱ «በል እንግዲህ፣ ለሁለተኛው እጸልያለሁ» አሉኝ። ይህ ሕዝብ መጠየቅ አልተማረም ከተባለ ምን ይባላል። የጎደለን ጥያቄ አይደለም። ጠይቀን ስናበቃ ቆም ብሎ መስማቱ ነው አንዳንዴ የሚጎድለን። እዚህ ላይ ጸሐፊውና እኔ ሳንጣላ አንቀርም ብዬ ነበር፤ ይኸው ተገናኘን።

የመጨረሻው ነጥብ ነው በጣም ያስከፋኝ። መልስ ያልሰጠ ሰው «ራሱን የዘጋ» ነው፣ ጎትጉቱት የሚለው።

ልጇ ቤሩት የምትሠራ ጎረቤት አለችን። ልጅቷ በሳምንት አንዴ ትደውላለች። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ሥራው አይከብድም?» «አይከብድም።» ከዚህ አያልፍም። ጸሐፊው ቢሰሙ ባዶ ወሬ ነው ይሉ ይሆናል። ልጅቷ ግን የተዘጋች አይደለችም። እናቷ ደም ግፊት እንዳለባት ታውቃለች። የምትደብቀው እናቷን ስለምታውቅ ነው። እናትየውም አትጎተጉትም። «ዛሬ ምን በላሽ?» ትላለች። «ሩዝ።» «በምን?» ስልኩን ስትዘጋ ጎረቤታችን አንዳንዴ ደስ ብሏት ትነሳለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች። ከ«ሩዝ» ውስጥ የምትፈልገውን ሰምታለች። ይህችን ሴት «ልጅሽን ጥልቅ ጥያቄ ጠይቂያት» የሚላት ማነው?

ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። ገብተን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን እንቀመጣለን። ማንም ሐዘንተኛውን «አሁን ምን ይሰማሃል?» አይለውም። ሦስት ቀን ተመላልሶ አንድ ጥያቄ ያልጠየቀ ጎረቤት «ሳይጠይቀን ቀረ» አይባልም። ጠይቋል። በአማርኛ የታመመን መጠየቅ፣ ያዘነን መጠየቅ፣ የታሰረን መጠየቅ ማለት መሄድ ማለት ነው። ብርቱካን ይዞ፣ ወንበር ስቦ፣ ኮት ሳያወልቁ መቀመጥ። ጸሐፊው መጠየቅን የአፍ ሥራ ብቻ አድርገውታል። ቋንቋው የእግርም ሥራ እንደሆነ ያውቃል። ዝም ያለን ሰው መጎትጎት ሳይሆን ነገም መሄድ ነው የምንለው፤ ነገ ካልተናገረም ከነገ ወዲያ። የሚናገር ከሆነ ያን ጊዜ ለመጣለት ሰው ነው የሚናገረው። የማይናገርም ከሆነ መብቱ ነው። ዝም አይነቅዝም።

ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ የላከችልኝ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ጠየቅኳት። ይቅርታ፣ «ምን አስበሽ ነው?» ነው ያልኳት። «ጽሑፉ ልክ ነው አላልኩም» አለች። «ግን ከአባትህ ጋር ሆስፒታል ሆነህ የጀመርከውን መቼ ልትጨርስ ነው?» አለችኝ።

እሁድ አባቴ ቤት ሄድኩ። ስፌቱ ድኗል፤ ጋቢውን ለብሶ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እናቴ ቡና ታፈላለች። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ዘይት ዋጋ አወራን። አቦል ጠጣን። ቶናው ሲቀዳ ስኒዬን ይዤ ወደ እሱ ጠጋ አልኩ።

«አባዬ፣ ያ ረዳትህ ሌሊት የሚዘፍነው… ድምፁ ጥሩ ነበር?»

«ኧረ እሱ!» አለ። «እንደ ቁራ ነው የሚጮኸው።» ሳቀ፤ አሁን ሆዱን መያዝ አያስፈልገውም። ከዚያ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ቡሬን እንዳለፍን ነው» አለ።